ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ክዳን እዩልኝ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤

ባለፈው እትማችሁ ከጀልባ ጀርባ ስለሚታሰሩ ሞተሮች ያወጣችሁትን ምክር ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ጀልባ ሞተር በአማርኛ የሚጽፍ ብርቅ ነውና ደስ ብሎኛል። ነገር ግን «ሞተሩ ጉልበት ካነሰው መጀመሪያ ካርቡራተሩን አውርዳችሁ እጠቡ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀመጥኩት። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል ነው፤ በዚያች ምክር አንድ ወር ሙሉ ተቀጥቻለሁ።

ሞተሬ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ስትሮክ ነው። አንድ ሰሞን ገመዱን ስስበው ወዲያው ይነሳል፣ አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ከዚያ ድምፁ ይሰልልና ውኃ መሐል ቀጥ ይላል። ትንሽ አርፎ ደግሞ ይነሳል። ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) ቀየርኩ፣ በመጨረሻው ጊዜ እንዲያውም ጓርኒሲዮኑን (መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ማሸጊያ) ቀድጄ ሌላ ጣጣ ጨመርኩ። አንድ ቀን ቆሞብኝ እያጉረመረምኩ ሳለ ዓይኔ ከነዳጁ ጎማ መሐል ባለችው የእጅ ፖምፓ ላይ አረፈ። ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ጉንጭ ወደ ውስጥ ጎድጉዳለች። የሰልባትዮውን ክዳን ላላ ሳደርገው «ፍስስስ» ብሎ አየር ሳበ፤ ፖምፓዋም ዓይኔ እያየ ተነፋች። ለካስ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ብሎን ተዘግታ ነበር። ጀልባዋን መኪና ላይ ስጭን ቤንዚን እንዳይፈስ ብዬ የዘጋኋት እኔው ራሴ ነኝ። ነዳጅ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ ሰልባትዮው ነዳጁን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሞተሩ በጥሙ ይጠፋል።

ከዚያ ወዲህ የእኔ ቅደም ተከተል ከእናንተ ይለያል። ሞተሩ ሊጠፋ ሲያንገራግር ያችን የእጅ ፖምፓ ጨመቅ ጨመቅ አደርጋታለሁ። ነፍስ ከዘራ ችግሩ ነዳጁ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለች ያረጀች ቀለበት፣ የቆሸሸ ፊልትሮ (ማጣሪያ)፣ ወይም የሞተሩ የራሱ ፖምፓ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን። አየር የሚያስገባ ጎማ ጠብታ ነዳጅ ላያወጣ ስለሚችል በዓይን ብቻ አትመኑት። ቀጥሎ ከሰልባትዮው ሥር ጥቂት ቤንዚን በጠርሙስ እቀዳለሁ፤ ውኃ ካለበት ከታች ይለያል። ካንዴላ የማየው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ወይ ነዳጅ በዝቶበታል ወይ እሳት አጥቷል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከረጠበ ደግሞ ጥፋቱን በዚያኛው ሲሊንደር በኩል እፈልጋለሁ። ካርቡራተር በእኔ ዘንድ አራተኛ ነው። ቤንዚን ተኝቶበት ለወራት የከረመ ሞተር ከሆነ ግን እሺ፣ ቀድማችሁ ፍቱት፤ የደረቀው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናቸውና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) አልሠራ ይላል።

ከናካቴው ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ላይሆንም ይችላል። «ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትራመድም» የሚለኝ ሰው ሲመጣ የማየው ውኃውን እየገፋ ጀልባዋን የሚያስኬደውን ፕሮፔለር ነው። በብዙዎቹ መሐል ላይ የተጣበቀ ጎማ አለ፤ ሲላቀቅ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። ከመሐለኛው ብረት ወደ ውጭኛው አካል የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም አስምሩና ሞተሩን ሥራ አስይዛችሁ ንዱት። ስትመለሱ መስመሩ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ሌላ ቦታ ከተገኘ ጎማው ተንሸራቷል።

«ዘይት ቢበዛ አይጎዳም» ያላችሁትም አልተዋጠልኝም። እንደ እኔው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ 50 ለ 1 (50 እጅ ቤንዚን በ1 እጅ ዘይት) የሚል ሞተር ለ20 ሊትር ቤንዚን የሚፈልገው 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ሲበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ልኩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ መመሪያውን ማየት ነው። በአራት ስትሮኩ ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ጭራሽ አይጨመርም፤ ጽሑፉ ሁለቱን አለመለየቱ ስንቱን ያሳስት ይሆን?

አንድ ነገር ልጨምር። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶግራፍ ላይ ሰውየው ሞተሩን ደረቅ መሬት ላይ አቁሞ ሲያስነሳ ይታያል። ማቀዝቀዣውን ውኃ የምትስበው የጎማ ፖምፓ የምትለሰልሰው በዚያው በምትስበው ውኃ ነው፤ በደረቁ ስትዞር ቶሎ ትቃጠላለች። ጽሑፉን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ ያንን ፎቶ ቀይሩልኝ፤ ሞተሩ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ገብቶ፣ በጎኑ በኩል ቀጭን ውኃ ሲተፋ የሚታይበት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጀልባ ነጂ