የፌር ፓርኩን የሐይቅ መንገድ የሠራችው ሴት ስም አላት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በዳላስና አካባቢዋ ስላሉ የሐበሻ ልጆች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ቁጣዬ እስካሁን አልበረደም። ልጆቻችን ከስልክና ከሞል ሌላ ዓለም አያውቁም፣ ወላጆቻቸውም ሣር እንዲረግጡ እንኳ አይፈቅዱላቸውም ብላችኋል። እሱን እመለስበታለሁ። ቀድሞ ያበሳጨኝ ፎቶው ነው። እዚሁ ዳላስ ባለው የፌር ፓርክ ሐይቅ ውስጥ የሚጠማዘዘውን ቀላ ያለ መንገድ አሳይታችሁ ከሥሩ «የከተማው መሐንዲሶች ለእግረኛ የሠሩት የኮንክሪት መተላለፊያ» ብላችሁ ጻፋችሁ።

ወዴት ነው የሚያስተላልፈው? ሰው ከዳር እስከ ዳር እንዲሻገር ቢፈለግማ አንድ ቀጥ ያለ ድልድይ ይበቃ ነበር። ይኼኛው ይጠማዘዛል፣ ይጠላለፋል፣ አንዳንዱ ጋ ከፍ ይልና አንዳንዱ ጋ ልጅ እጁን ሰድዶ ውኃውን እስኪነካ ድረስ ዝቅ ይላል። ጋዜጠኛችሁ ቦታው ላይ ቢቆም ኖሮ ይኼን ለማየት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

ሥራው የፓትሪሺያ ጆሃንሰን ነው። አሜሪካዊት አርቲስት ነበረች። በ1981 እ.ኤ.አ. የዳላስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር የነበሩት ሃሪ ፓርከር ንድፎቿን አይተው ሥራውን ሰጧት፤ በ1986 ተጠናቀቀ። ያኔ ሐይቁ የሞተ ያህል ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ለሣሩ የሚበተነው ማዳበሪያ ታጥቦ ይገባበታል፣ አልጌ ውኃውን ይሸፍነዋል፣ ዳርቻው ይሸረሸራል። እሷ ንድፏን ከማውጣቷ በፊት የትኛው እንስሳ ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ተክል የት እንደሚበቅል አጠናች። አንደኛውን ቅርጽ ሳጂታሪያ ከሚባል የውኃ ተክል፣ ሌላውን ከፈርን ተክል ወሰደች። ጥምዝምዙም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሞገዱን ጉልበት ሰብሮ ዳርቻውን ይጠብቃል፣ በመሀል በመሀሉም ለዓሣ፣ ለኤሊና ለውኃ ተክል የተረጋጋ ቦታ ይተዋል። ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ በዚያ ላይ ተራምዶ ሕይወት ካለበት ውኃ አጠገብ እንዲደርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለ ልጆችና ስለ ተፈጥሮ እየጻፋችሁ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራውን ሥራ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፤ የሠሪዋን ስም ግን ለማንም መሐንዲስ ትሰጣላችሁ። ሠሪው ወንድ ቢሆን ስሙን ለመጠየቅ እንዲህ ትሰንፉ ነበር?

አሁን ወደ እኛ ወደ ወላጆቹ። ማንን ጠይቃችሁ ነው? እኔ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ዓይኔ እንቅልፍ እያጣ ልጄን እዚያ እወስደዋለሁ። ብቻዬንም አይደለሁም፤ ከቅዳሜ አማርኛ ትምህርት በኋላ ምሳቸውን በሳህን ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። ልጄ ቀለሙ በለቀቀው ኮንክሪት ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አገጩን ጠርዙ ላይ አስደግፎ፣ ኤሊዋ አንገቷን እስክታወጣ ይጠብቃል። ስታወጣ ትንፋሹን ይይዛል። ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ቁጭ የማይል ልጅ ነው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ያየችው ጊዜ «ይኼ ልጅ ወንዝ ዳር ነው እንዴ ያደገው?» ብላለች። የእናንተ ዘገባ ደግሞ ተፈጥሮን የማያውቅ ልጅ ይለዋል።

ስልክ አይወዱም አላልኩም። ይወዳሉ፣ እኛም በሥራ ብዛት ደክሞን የምንሰጣቸው ጊዜ አለ። ስለዚያ መጻፍ ተገቢ ነው፣ ብትጽፉም አልቃወምም። ግን በየሰበቡ ሰነፍ ወላጅ መባል ሰልችቶናል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በዕረፍት ቀኑ ልጁን ይዞ የት እንደሚውል ሳይጠይቁ መፍረድ ጋዜጠኝነት አይደለም።

ስለ ፎቶው ኢሜይል ጻፍኩላችሁ፤ መልስ የለም። ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ «እትዬ፣ የፎቶ መግለጫ እኮ ነው» አለኝ። አዎ፣ የፎቶ መግለጫ ነው። ብዙ አንባቢ ጽሑፉን ትቶ እሱን ብቻ አንብቦ ያልፋል። ልጄም አማርኛ ማንበብ እየጀመረ ስለሆነ በጣቱ እየተከተለ ያነበበው እሱኑ ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ከፎቶው ሥር የፓትሪሺያ ጆሃንሰን ስም ይጻፍ፣ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ እንጂ ማንም በማያየው ጥግ አይሁን። ጋዜጠኛችሁም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፌር ፓርክ ይምጣና ወላጆቹን ራሳቸውን ያነጋግር።

አንዲት እናት
ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ