«ቤተሰቡ ያልታወቀ» ብሎ ለመጻፍ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለኢፌዴሪ የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች የሥልጠና ደረጃና የሙያ ፈቃድ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ሰላምታውን እናሳጥረው። ከዚህ በፊት በየደረጃው ላሉ ቢሮዎች ስንጽፍ ሰላምታችን ረዥም ነበር፤ ያገኘነው መልስ ግን «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የምትል አንዲት መስመር ናት። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ መልሱን የፈረመው ሰው ራሱ የሚያውቅ አልመሰለንም። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍነው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። በዚህ አገር ስለ አንድ ሕፃን «ቤተሰቡ ያልታወቀ» ብሎ ጽፎ ማህተም ለማስመታት ምን ሙያ፣ ስንት ቀን ሥልጠና፣ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምንም አያስፈልግም። በሥራ መደቡ ላይ መገኘት ይበቃል።

እነዚያ ሁለት ቃላት እንዴት እንደሚጻፉ እንንገራችሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥር ሥር ይገኛል። ያገኘው ሰው ለፖሊስ ያስረክባል። ፖሊስ ጣቢያው አጭር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ከሕፃኑ ጋር ወረዳ ይደርሳል። ወረዳ ላይ ያለው ሠራተኛ ቅጹን አውጥቶ፣ ፖሊስ የጻፈውን ገልብጦ፣ «የቤተሰብ ሁኔታ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ሁለቱን ቃላት አስፍሮ ይፈርማል። ሕፃኑ በዚያው ቀን ማሳደጊያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ፣ ማሳደጊያውም ዳኛውም፣ ከዚያች ሣጥን ይነሣል እንጂ ከአጥሩ ሥር አይነሣም።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ቢሮ አይቀመጥም። ሕፃኑን ያገኘውን ሰው ይዞ፣ በተገኘበት ሰዓት፣ ወደ ተገኘበት ቦታ ይሄዳል፤ ማለዳ 12 ሰዓት በዚያ መንገድ የሚያልፉት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ከሚያልፉት ይለያሉና። ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ እንዲታጠብ ወይም እንዲጣል አይፈቅድም፤ ፎቶ አንስቶ፣ አሽጎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ከፋይሉ ጋር ያስቀምጠዋል። እትብቱ እርጥብ ነው ወይስ ደርቋል፣ በምንስ ታስሯል ብሎ ይመዘግባል፤ ቤት ውስጥ በክር የታሰረና ጤና ጣቢያ በመቆንጠጫ የተያዘ እትብት ፍለጋውን ወደተለያየ አቅጣጫ ይመሩታል። ከዚያ የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግራል። ባለፈው ወር ነፍሰ ጡር የነበረች፣ ዛሬ ግን ሕፃን ያልታየባት ሴት ካለች ከሁሉም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። እናቲቱ የምትፈለገው ለክስ ሳይሆን ለእርዳታ መሆኑንም በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት አለበት፤ ካልሆነ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ካልተሠራ ጨርቁ ይጠፋል፣ እትብቱ ይወድቃል፣ ያየ ሰውም አላየሁም ይላል።

አፉን የፈታ ልጅ ሲሆን ደግሞ ጥፋቱ ሌላ መልክ አለው። ያልሠለጠነ ሰው «አባትህ ማን ይባላል? አድራሻህ የት ነው?» ብሎ ጠይቆ «አያውቅም» ብሎ ይጽፋል። የአራት ዓመት ልጅ አድራሻ የለውም። አያቱን እማማ ነው የሚላት፣ እምዬ፣ ወይስ አኮ? ማለዳ የሚቀሰቅሰው ደወል ነው ወይስ አዛን? ቤታቸው አጠገብ ግመል ያልፋል ወይስ በሬ ነው የሚያውቀው? ወደ ከተማ ሲመጡ መንገድ አደሩ ወይስ በዚያው ቀን ደረሱ? አራት እንዲህ ያሉ መልሶች ፍለጋውን ከአገር ወደ አንድ አውራጃ ያጠብቡታል። አጠያየቁም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «እናትህ ትመታህ ነበር፣ አይደል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ልጁ እናንተን ለማስደሰት «አዎ» ይላል፤ ያች «አዎ» ፋይል ውስጥ ገብታ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን በር ትዘጋበታለች። ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ተስማሚ ችሎት ልጁ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ነው የሚሰማው፤ ጥያቄውንም የሚያደርስለት ለዚሁ የተመደበ ባለሙያ ነው። ፍርድ ቤት የተረዳው ነገር ወረዳ ላይ እንዴት ሊሰወር ቻለ? ልጁ እኮ ችሎት ከመድረሱ በፊት ለጎረቤት፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለወረዳ ሠራተኛ ደጋግሞ ተናግሮ ጨርሷል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 194 ፍርድ ቤቱ የጉዲፈቻ ስምምነትን ከማጽደቁ በፊት ለሕፃኑ ጥቅም መሆኑን በእርግጠኝነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። መልካም ሕግ ነው። ዳኛው ግን የሚያረጋግጠው በፊቱ ካለው ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ሲዘጋ ብዙዎቻችን ደግፈናል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻውም፣ የአደራ ቤተሰቡም፣ ከዘመድ ጋር ማቀላቀሉም የሚቆመው በዚያው በወረዳው ሠራተኛ ጥናት ላይ ነው። ሥራው ወደ ታች ሲወርድ ሙያው አብሮ አልወረደም። የቀድሞው ስህተት ዋጋ ምን እንደነበር ማየት የሚፈልግ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተመልሰው ወላጆቻቸውን የሚያፈላልጉትን ወጣቶች ይመልከት። በእጃቸው የያዙት የማኅደራቸውን ቅጂ ነው፤ ወላጅ የላቸውም ከተባሉት መካከል በሕይወት ያለች እናት ያገኙ አሉ።

አሁን ወደሚያናድደን ነገር እንምጣ። የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው በሚሰማራበት ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። አንዲት ወጣት ሪያድ ወይም አማን ሄዳ የአንድ ቤተሰብ ልጅ ለመያዝ ሠልጥና፣ ተመዝና፣ ያንን ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ይዛ ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው። ያቺው ወጣት አገሯ ቀርታ በአንድ ማሳደጊያ አሥር ጨቅላዎች እንድትይዝ ብትቀጠር ግን የምትጠየቀው የቀበሌ መታወቂያና ተያዥ ነው። የሰው አገር ልጅ በሰርተፊኬት፣ የእኛ ልጅ በተያዥ!

አሥር ጨቅላ ስንል ሒሳቡን እንሥራው። ከስድስት ወር በታች ያለ፣ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን በየሦስት ሰዓቱ ቢመገብ በቀን 8 ጊዜ ነው። አሥር ሕፃናት 80 ጊዜ። እያንዳንዱን አቅፎ፣ አጥብቶ፣ አስገስቶ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ብንል 1600 ደቂቃ ይሆናል። ቀኑ ከነሌሊቱ ያለው 1440 ደቂቃ ነው። ዳይፐር ገና አልተቀየረም፣ ጡጦ አልተቀቀለም፣ ሞግዚቷም አልተኛችም። ስለዚህ ጡጦው በጨርቅ ተደግፎ ከሕፃኑ አፍ ላይ ይቆማል። ሕፃኑ ወተቱ ትን ሊለው ይችላል፣ ጆሮው ይመረቅዛል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሲበላ የሚያየው ፊት የለም። ይህ የሞግዚቷ ክፋት አይደለም። የሠለጠነ ኃላፊ ቢኖር ገና ከመቅጠሩ በፊት ይህን ሒሳብ ይሠራው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በቤተሰብ ውስጥ ማደግ እንዳለባቸው የሚናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላም ምሳሌ እንጨምር፦ ሕፃን ሲያስቀምጠው ለአንድ ሊትር ውኃ የተዘጋጀውን የኦአርኤስ (የተቅማጥ ንጥረ ቅመም) ፓኬት በአንድ ብርጭቆ በጥብጦ የሚሰጥ ሰው አለ፤ አስቦ ነው፣ እንዲጠነክርለት። ጨው የበዛበት ሕፃን ግን ይባስ ውኃው ያልቅበታል። የግማሽ ቀን ትምህርት የሚያድነው ስህተት ነው።

«ሥልጠና እኮ ሰጥተናል» ትሉናላችሁ። ሰጥታችኋል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ለአሠልጣኞች አሥር ቀን ይሰጣል፤ ክልል ላይ አምስት ቀን ይሆናል፤ ዞን ላይ ሁለት ቀን፤ ወረዳ ሲደርስ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ስላይድ ተይዞ ከሻይ በፊት ያልቃል። ርዕሱም የሚወሰነው ሠራተኛው በጎደለው ሳይሆን ለጋሹ በዚያ ዓመት ባመጣው በጀት ነው፤ ዘንድሮ ኬዝ ማኔጅመንት (የጉዳይ አያያዝ)፣ ለከርሞ የሥነ ልቦና ድጋፍ። ውሎ አበል ስላለው የሚሄደው ተራው የደረሰ ሰው ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሠልጣኙ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል፤ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ፋይሎቹ ለአዲስ ሰው ይሰጣሉ። ከሥልጠናው በኋላ አንድ ሰው ሄዶ የዚያን ሠራተኛ ሦስት ፋይል ከፍቶ «ይሄን ለምን እንዲህ ጻፍከው?» ብሎ የጠየቀበት ጊዜ አለ? እኛ የምናውቀው የለም።

ባለሙያ ጠፍቶ ነው እንዳይባልም ያ ሰበብ ጊዜው አልፎበታል። የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ) ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ በ1974 ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በእነዚያ 30 ዓመታት «ተዛማጅ ሙያ» የምትለው ሐረግ በየማስታወቂያው መግባቷ ሊገባን ይችላል። ዛሬ ግን ጎንደርን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ሙያ ያስመርቃሉ፤ ተመራቂዎቹም የመውጫ ፈተና ተፈትነው ነው የሚወጡት። ፈተናውን ያለፈ ልጅ ሥራ ፈት ሆኖ ሲቀመጥ ማስታወቂያው አሁንም «በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ» ይላል። ነርስ ለመቅጠር «ነርሲንግ ወይም ተዛማጅ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠበቃው፣ የሒሳብ አዋቂው፣ ፋርማሲስቱ ሁሉ ያለ ፈቃድ አይሠሩም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የእኛ ሕግ የሆነው፣ በአንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 3 ለሕፃናት እንክብካቤ ኃላፊ የሆኑ ተቋማት በሠራተኞቻቸው ቁጥርና ብቃት እንዲሁም በቁጥጥራቸው ደረጃውን እንዲያሟሉ ያስገድዳል። ደረጃውን የሚያወጣው ሥልጣን ያለው አካል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የሕፃናት ጉዳይ የተሰጠው ለእናንተ ነው።

አንድ ስጋት አለን፣ ሳንደብቅ እንናገር። ይህን ደብዳቤ አንብባችሁ ነገ ሁሉም ሠራተኛ ሲኦሲ ይፈተን ብትሉ ችግሩን በሌላ ወረቀት ሸፈናችሁት ማለት ነው። አሻንጉሊት አጥቦ «ብቁ» የሚባልበት ምዘና እጅን ይለካል እንጂ ማመዛዘንን አይለካም። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ቢያንስ ስድስት ወር በልምድ ባለው ባለሙያ ሥር ሠርቶ፣ ራሱ የያዛቸው ፋይሎች ተመርምረው፣ ከልጅ ጋር ሲነጋገር በዓይን ታይቶ መሆን አለበት። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደስ፣ ጥፋት ሲገኝ ይነጠቅ፣ በአንድ ማሳደጊያ ሕፃን ደብድቦ የተባረረ ሰው በሌላው እንዳይቀጠር የሚታይ መዝገብ ይኑር፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በማሳደጊያ የአካል ቅጣትን ከልክሏል፤ ያለ መዝገብ ግን ክልከላው አይከበርም። ዲፕሎማ የሌላቸውን ግን ሃያ ዓመት ልጅ ያሳደጉትን ሞግዚቶች ደግሞ አታባርሩብን። የሚያውቁትን በተግባር አይታችሁ ዕውቅና ስጧቸው፤ ብዙዎቹ ከአለቆቻቸው ይሻላሉ።

ይህ ሁሉ ሕግና በጀት እንደሚፈልግ እናውቃለን። አዋጅ የማይጠይቅ፣ በአንድ ሰርኩላር በዚህ ሳምንት የሚያልቅ ነገር ግን አለ። «ቤተሰቡ ያልታወቀ» የሚል ማንኛውም ቅጽ ሁለተኛ ገጽ ካልተያያዘበት ማሳደጊያም ፍርድ ቤትም እንዳይደርስ እዘዙ። በዚያ ገጽ ላይ ሠራተኛው ወደ ቦታው የሄደበት ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገራቸው ሰዎች፣ የጨርቁ ፎቶ፣ ልጁ የተናገረው በራሱ ቃል፣ የሠራተኛው ሙሉ ስምና ፊርማ ይኑር። ገጹ ባዶ ከሆነ ባዶ መሆኑ ይታይ።

ከሰላምታ ጋር፣
በሕፃናት ጥበቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር