ስለ ስርጭቱ ገንዘብ ስትጽፉ ስለ ሜዳውም ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ባለፈው ሳምንት የስፖርት ዓምዳችሁ ላይ፣ ሊጋችን የቴሌቪዥን መብቱን አሸጣጥ ከአሜሪካኖቹ ይማር የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ምሳሌው የዩኒቨርሲቲዎቻቸው ፉትቦል ነበር። ገንዘቡ በደንብ ተቆጥሯል። ደጋፊው ምን እንደደረሰበት ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ይሄ ከነከነኝ።

እኔ ነገሩን የማውቀው በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ሲያትል ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል። ፉትቦል ሲሉ ያንን በእጅ የሚያዘውን ሞላላ ኳስ ነው፤ እሱም እዚያ ሄዶ ወደደው። ሲያትል ያለችበት ግዛት ዋሽንግተን ይባላል፤ የከተማው ዩኒቨርሲቲም ስሙ ዋሽንግተን ነው፤ በግዛቱ ምሥራቅ ጫፍ ካለው ከዋሽንግተን ስቴት ጋር እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ይጋጠማል። አፕል ካፕ ይሉታል። ብዙ ጊዜ በምስጋና በዓላቸው ሰሞን ነበር የሚደረገው።

«የደሴና የኮምቦልቻ በለው» አለኝ በስልክ። ወዲያው ገባኝ። ልጅ ሆነን ደሴ ከኮምቦልቻ ሲጫወት፣ ሆጤ ሜዳ ቦታ ለማግኘት ምሳ ሳንበላ ነበር የምንሄደው። የኮምቦልቻ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየጨፈረ ይወጣል፤ ማታ ተሸንፎም ቢሆን ዘመድ ቤት ጎራ ብሎ ቡና ሳይጠጣ አይመለስም።

ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፓክ-12 በሚባለው የምዕራቡ ኮንፈረንስ ውስጥ ነበሩ፤ ኮንፈረንስ የሚሉት እርስ በርስ የሚጋጠሙ ዩኒቨርሲቲዎችን ማኅበር ነው። ሥሩ ከ1915 ይመዘዛል። በ2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ቢግ ቴን መሠረቱ ቺካጎ አካባቢ ያሉ ግዛቶች የሆነ ኮንፈረንስ ነው፤ ያኔ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስ እና ከኤንቢሲ ጋር የሰባት ዓመት ውል ፈረመ፣ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የተባለ። ፓክ-12 እንዲህ ያለ ገዢ አላገኘም። ነሐሴ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ ቀን አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ጥለውት ሄዱ፤ ዋሽንግተን አንዱ ነው፣ እሱም ቢግ ቴን ገባ። ስታንፎርድ ፓስፊክ ዳር ተቀምጦ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚባል ኮንፈረንስ ገባ። ከአስራ ሁለቱ ሁለት ቀሩ፤ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት። ጥፋታቸው ምንድን ነው? ከተማቸው ትንሽ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚቆጥረው ቤት በቂ አልሆነም።

በ2024 አፕል ካፕ መስከረም ላይ ተደረገ፣ ያውም ከሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ሜዳ ውጭ። ተጥሎ የቀረው ዋሽንግተን ስቴት 24 ለ 19 አሸነፈ። የአክስቴ ልጅ የዋሽንግተን ደጋፊ ሆኖ ሳለ «ለእነሱ ደስ አለኝ» ነው ያለኝ። በዚያው ወር የእሱ ቡድን አርብ ማታ ከሌላው የቢግ ቴን ቡድን ከሩትገርስ ጋር ለመጫወት ኒው ጀርሲ ድረስ ሄደ። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ነው፤ እሱን አስር ጊዜ አስቡት። ተከትሎ የሚሄድ ደጋፊ ከየት ይመጣል?

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የሚዲያው ነገር ነው። ፎክስ የቢግ ቴንን ጨዋታ የሚያስተላልፍ ብቻ አይደለም፤ የኮንፈረንሱ የራሱ ጣቢያ አብዛኛው ድርሻ የፎክስ ነው። ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ጣቢያ ደግሞ የደቡቡን ኮንፈረንስ የኤስኢሲንም፣ ሻምፒዮኑ የሚለይበትንም ውድድር ስርጭት ይዟል። ከዚያ የትኛው ኮንፈረንስ ጠንካራ ነው፣ ማን ይለፍ እያሉ ቀኑን ሙሉ የሚተነትኑት የእነዚሁ ጣቢያዎች ደመወዝተኞች ናቸው። ነጋዴው ሚዛኑንም ያዘ ማለት ነው። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፎ ለሻምፒዮናው ከሚመረጡት አራት ቡድኖች ውጭ ቀረ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈው የኤስኢሲው አላባማ ገባ። መራጩ ኮሚቴ የፍሎሪዳ ስቴትን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ፣ ጉዳት ነው ምክንያት ያደረገው። ደጋፊው አልተቀበለውም፤ ሚዛኑ በማን እጅ እንዳለ እያየ እንዴት ይቀበል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችን በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ክለቦቻችን ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፤ ተጫዋች ደመወዙን ሳያገኝ ወራት ሲያልፉ አይተናል። ግን ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄድ ሆነ። መጀመሪያ ኮሮና ነበር። በኋላ ካሜራውንና ባለሙያውን አንድ ቦታ ማድረጉ ይቀላል ተባለ። በዚህ መሀል ክለቡ የከተማውን ስም ይዞ በሰው ከተማ፣ ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታል። አሰልጣኙ «በሜዳችን» ሲል የትኛውን ሜዳ ማለቱ እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ወልድያን ተመልከቱ። በጥር 2009 ዓ.ም. 25,155 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆላታል። ክለቡ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ነገ ተመልሶ ቢያድግ የወልድያ ልጅ ቡድኑን የት ሆኖ ነው የሚያየው? ከቤቱ በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ እያለለት፣ ጨዋታ የሚያሳይ ቤት ከፍሎ፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ? የእኛም የደሴዎቹ፣ የኮምቦልቻዎቹም ጥያቄ ይሄው ነው። ለማደግ እየለፋን ነው፤ ያደግን ቀን ሆጤ ባዶ ሊሆን ከሆነ ልፋቱ ለማን ነው?

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ስርጭት ውል ስትጽፉ የዶላሩን ቁጥር ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ሊጉን የሚመሩትን ሰዎች ጠይቁልን። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ስንት ጨዋታ በራሱ ከተማ ይጫወታል? ይህ ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? አንድ ከተማ ካሜራ ለማስገባት ሜዳው ምን ምን ማሟላት አለበት? መብራት ከሆነ የጎደለው መብራት ነው ይበሉን፤ የወሎ ሰው አዋጥቶ ያስገባል። የጎደለው ሌላ ከሆነም እሱን በዓምዳችሁ ላይ አውጡት። መልሱን ከጋዜጣው ቆርጬ ሲያትል ላለው የአክስቴ ልጅም እልክለታለሁ፤ በየሳምንቱ እየደወለ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከደሴ፣ ወሎ