የታራሚዎችን የእጅ ሥራ ስለምንረከብበት ቀን

ሰላም የቡድናችን አባላት፤

ታራሚዎች የሠሯቸውን ሥዕሎችና የእጅ ሥራዎች ለፋሲካ ባዛር የምንረከበው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ ተገናኝተን አብረን ወደ ማረሚያ ቤቱ እንሄዳለን። መታወቂያ ያልያዘ አይገባም፤ ስልክ በር ላይ ይቀራል።

ቀለም፣ ብሩሽ፣ የዳንቴል ክርና ዶቃ ማዋጣት የምትችሉ ይዛችሁ ኑ። መቀስ፣ ምላጭና ጠርሙስ ስለማይፈቀድ ቀለሙ በፕላስቲክ ይሁን። መንዝ ዘመድ ያላችሁ የተፈተለ የበግ ፀጉር ብታስልኩልን ትልቅ ውለታ ነው፤ ከበግ ፀጉር የሚሸመነውን ዝተት የሚሠሩት ሥራ የሚፈቱት እሱ ሲያልቅባቸው ነው። ባለፈው ያየነውን ዝተት አስታውሱ፤ ነጩና ጥቁሩ ሳይነከር በተፈጥሮ መልኩ ተፈራርቆ፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር ተዘምዝሞ። ገበያ ካለው አያንስም፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ይበልጣል።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፤ የሠሪው ስም ዕቃው ላይ ይጻፍ ወይስ ይቅር? የእኔ ሐሳብ ባለቤቱ ከፈቀደ ይጻፍ፣ ካልፈቀደ ይቅር ነው። ፎቶም እንዲሁ። የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ መያዝ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 አስፍሯል። «ሠሪው በምን ታሰረ?» ለሚል ገዢ ዋጋውን ብቻ ንገሩት። ሽያጩ ሙሉ በሙሉ ለሠሪዎቹ ስለሆነ፣ እባካችሁ እኛው ራሳችን ዋጋ አንከራከር።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ፣ ስለ ስሙ ያላችሁንም ሐሳብ ጨምራችሁ ጻፉ። የስም ዝርዝሩ ዓርብ ጠዋት ለማረሚያ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መጨመር አይቻልም።