ጉዳዩ፡- የአየር ኮምፕሬሰር ተከላ ጉድለት እንዲታረምልን ስለመጠየቅ

ለኮምፕሬሰር ሽያጭና ተከላ ድርጅቱ ቴክኒክ ክፍል
አዳማ

ድርጅታችሁ በጎሚስታ ቤታችን የተከለው ባለ 300 ሊትር፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት ባለ ቺንጋ ኮምፕሬሰር 6 ሳምንት ሆኖታል። ስለ ንዝረቱ ሁለት ጊዜ በስልክ አመልክተን ያገኘነው መልስ «ከወለሉ ጋር አጥብቀን አስረነዋል» የሚል ነው። ቅሬታችንም እዚሁ ላይ ነው፤ ማሽኑ ከመጠን በላይ ታስሯል።

ወለላችን ሊሾ ቢሆንም ወደ ውሃ መውረጃው ያዘነብላል። ባለሙያችሁ ግን በውሃ ልክ ሳይለካ አራቱንም እግሮች በ12 ሚሊ ቡሎን ጠፍሯቸዋል። አየሩን አስተንፍሰን በሞተሩ በኩል ያለውን ዳዶ በ19 ቁልፍ ስንፈታ እግሩ 5 ሚሊ ሜትር ብድግ አለ። ሦስቱ ወለል ሲይዙ አራተኛው በግድ ተጎትቶ ኖሯል። የዚያ ጉተታ ጫና የሚያርፈው እግሩ ከታንከሩ ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ነው፤ ፒስተኑ በተመላለሰ ቁጥር ብረቱ እዚያው ይተጣጠፋል። አሁን በብየዳው ጠርዝ ቀለሙ ፀጉር በሚያህል መስመር ተሰንጥቋል። ቀለሙ ብቻ ይሁን ብረቱም ጭምር በዓይን ስለማይለይ ማሽኑን አቁመናል።

ከእግሮቹ ሥር የገባው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ጎማ ንዝረት የሚውጠው የመጨመቅና የመለቀቅ ቦታ ሲኖረው ነው። በቡሎን ተረግጦ ከሳሳ በኋላ ግን መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው።

የአየር መውጫውም ከታንከሩ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከታሰረ ግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ ጋር ተገናኝቷል። የመጋጠሚያው ጥርስ በየሳምንቱ አየር የሚያፈሰው ቴፕ ስላነሰው ሳይሆን ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው ስለማይንቀጠቀጥ ነው። የቺንጋው ጎንም ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ፑሌጃው የፓምፑ ማራገቢያም ስለሆነ 50 ያህል ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት የታንከሩ ነገር እልባት ያግኝ። ስንጥቁን በብየዳ ማስደፈንን አንቀበልም። ታንከሩ ይቀየርልን፤ አለያም በታርጋው ላይ በተጻፈው የሙከራ ግፊት በውሃ ይፈተሽልን። በአየር መፈተሽ አይሆንም፤ ብረቱ ቢከፈት የታመቀ አየር ይፈነዳል፣ የውሃ ግፊት ግን ወዲያው ይወርዳል።

ዳግም ሲተከል ማሽኑ መጀመሪያ ሳይታሰር ይቁም፤ ወለል ያልነካው እግር ሥር ክፍተቱ ተለክቶ ላሜራ ይግባበት። ቀጥሎ ለኮምፕሬሰር የተሠራ የጎማ እግር ይደረግ። የሞተሩና የፓምፑ ወገን ስለሚከብድ ክብደቱን ለአራት እኩል አካፍሎ ጎማ መምረጥ ስህተት ነው። ቡሎኑ የእግሩን ብረት እንዳይነካ ከላይም የጎማ ሮንዴላ ይግባ። ዳዶው በእጅ እስኪይዝ ብቻ ይዙር፤ እንዳይፈታ ሁለተኛ ዳዶ ይቆለፍበት። በመውጫውና በግድግዳው ቱቦ መካከል 1 ሜትር ያህል፣ ግፊቱን የሚችል የጎማ ቱቦ ላላ ብሎ ይግባ። የኤሌክትሪክ ገመዱም እንዲሁ መወዛወዣ ይተውለት።

የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁና የአየር መሳቢያው ፊልትሮ ከመንገዱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዙር።

የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ ስለሚፈልግ ባለችን ሌላ ትንሽ ኮምፕሬሰር መሥራት አልቻልንም። በ5 ቀን ውስጥ ባለሙያ እንድትልኩልን፣ ከዚያ በፊትም የምታመጡት የጎማ እግር ስንት ኪሎ እንደሚሸከም በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር

አባሪ፡- የብየዳው ጠርዝና የተፈታው እግር 3 ፎቶግራፎች