ጉድጓዱን አታስቆፍሪው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ጓሮው ላይ ጉድጓድ አስቆፍሬ ኮምፖስት (ከልጣጭና ከቅጠል የሚብላላ ማዳበሪያ) ልጀምር ማለትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ጉድጓዱን ግን አደራ አታስቆፍሪው። በጅማ ዝናብ ጉድጓድ ውሃ ይቋጥራል፤ የገባበት ሁሉ አየር አጥቶ ይገማል እንጂ አይብላላም። ግቢውም የኪራይ ነው። ከመሬት በላይ የቆመ ሳጥን ቤት ስትቀይሪ ተፈትቶ ይጫናል፣ የደረሰው ኮምፖስትም በጆንያ ተሞልቶ አብሮሽ ይሄዳል። ይህንኑ ለአከራይሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የሚያስፈራቸው ሽታና አይጥ ነውና ሁለቱንም እንዴት እንደምትከላከዪ አስረጂያቸው።

ሳጥኑ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ የጭቃ ቤት እርጥበትና ምስጥ አይችልም። አራት የአጣና ቋሚ፣ ወርዱም ርዝመቱም 1 ሜትር፣ ጎኑ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ባለው ጣውላ። የፊቱ ጣውላ በሚስማር እንዳይመታ፤ ወደ ላይ እየተሳበ የሚወጣ ከሆነ ወገብሽን ሳትጎጂ ትዝቂያለሽ። ከሥር ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ይነጠፍ፣ አለበለዚያ አይጥ ከታች ቆፍራ ትገባለች። ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ዘንበል አድርጎ ድንጋይ መጫን ነው።

ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ኩሽናው ልጣጭ ነው። ጅማ ላይ የሚቸግረው ግን ከልጣጩ ጋር የሚደባለቀው ደረቁ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ ደረቅ ቅጠል ከየትም አታገኚም፤ ስለዚህ በበጋ ደረቅ የሙዝ ቅጠል፣ ጭድና ሰጋቱራ በኬሻ እየሞላሽ ዝናብ የማይነካው ቦታ አስቀምጪ። ሰጋቱራው ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት ከነካው ጣውላ እንዳይሆን እንጨት ቤቱን ጠይቂ። ከመፈልፈያ የሚወጣው የቡና ገለፈትም ይሆናል፣ ግን ብቻውን ሲከመር ቶሎ አይበሰብስም፤ በውሃ የተበጠበጠ እበት ያስፈልገዋል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ከታች አንድ ስንዝር ጭራሮ ለአየር ማለፊያ። ከዚያ ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል፤ ሰጋቱራ ከሆነ አንድ ለአንድ ይበቃል። ከላይ ሁልጊዜ ደረቁ ይሁን፤ ዝንብ የሚመጣው ልጣጩ ተራቁቶ ሲያድር ነው። የጎመን አገዳና የጫት ገረባ ጣት በሚያህል ቁመት ይከተፉ። የአቮካዶ ፍሬ ካልተፈጨ ይበቅልብሻል። የጀበናው አተላ ጥሩ ነው፣ ከክምሩ አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ብቻ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይትና ወጥ የነካው እንጀራ ፈጽሞ አይግቡ። አመድ አታብዢ፤ ለተክል የሚጠቅመውን ናይትሮጅን ወደ አየር ያባርረዋል። የጅማ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አመዱን በቀጥታ የአትክልቱ መደብ ላይ ብትበትኚው ይሻላል።

የአንድ ቤት ልጣጭ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጨመር ክምሩ አይግልም። ይበሰብሳል፣ ግን ከስድስት ወር በላይ ይወስዳል፤ የአረም ዘርም አይሞትም፣ ስለዚህ ያፈራ አረም አትጨምሪበት። እንዲግል ከተፈለገ ሳጥኑ በአንድ ቀን እስከ አፉ መሞላት አለበት፣ በሣርና በእበት። ያኔ መሐሉ በጥቂት ቀን ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ቁራጭ ፌሮ መሐሉ ድረስ ሰክተሽ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ስታወጪው፣ ጫፉ በእጅ ይዘው የማይቆዩት ከሆነ በደንብ እየሠራ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ፤ ለዚህ የሚያግዝሽ ልጅ ፈልጊ፣ እርጥብ ኮምፖስት ከባድ ነው።

እርጥበቱን በእጅሽ ጨብጠሽ እዪው። ጭምቅ ስታደርጊው ጠብ ጠብ የሚል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምረሽ ገልብጪው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት አየር አጥቷል፤ እንደ ሽንት ዓይን የሚያቃጥል ደግሞ እበት በዝቶበታል፣ ሰጋቱራ ይፈልጋል። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቋል ማለት ነው።

ጥቁር ሆኖ የዝናብ አፈር ሽታ ሲሸት በወንፊት ንፊው። ጎመኑ ላይ ከማድረግሽ በፊት ግን አንድ ስኒ ወስደሽ አርጥቢውና ፌጦ ዝሪበት። በሦስት በአራት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ከበቀለ ደርሷል፤ ካልበቀለ ወይም ቢጫ ካለ አንድ ወር ይቆይ። በጆንያ ስትተክዪ አንድ እጅ ኮምፖስት ለሁለት እጅ አፈር ነው።

በኩሽናውና በአጥሩ መሐል ያለውን ቦታ አስለክተሽ ላኪልኝ፤ ጣውላውን እዚሁ በልኩ አስቆርጬ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ