የላቦራቶሪ ትምህርት (ላብ) አንድ ክሬዲት ቢሆንም ቀላል አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ይህችን ማስታወሻ ብታወጡልን ደስ ይለናል። በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ አካባቢ ኬሚስትሪና ፊዚክስ የምናስተምር መምህራን ነን። ተማሪዎቻችን በሴሚስተሩ አጋማሽ ሲዝሉ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በስንፍና ሳይሆን ሲመዘገቡ ሰዓቱን ስላላሰሉ ነው።

ላብ አንድ ክሬዲት ተብሎ ስለሚጻፍ ተማሪው ይንቀዋል። ያ አንድ ክሬዲት ግን በሳምንት ሦስት ሰዓት ቆሞ መሥራት ነው፤ ሪፖርቱ ሲታከልበት ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ሦስት ላብ የያዘ ልጅ አንድም ሌክቸር ሳይገባ 18 ሰዓቱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ የኮርሱን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት የሚያሳየውን ኢሲቲኤስ ማየት ይሻላል። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ የአንድ ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይወጣዋል። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከገላን የሚመላለስ ተማሪ የታክሲ ሰልፉንም ይደምርበት። ድምሩ በሳምንት ከ65 ሰዓት ካለፈ የአድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ) ቀን ሳያልፍ አንድ ኮርስ ይቀንስ።

የሚቀነሰውን መምረጥ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ከባዱን ይጥላሉ። ካልኩለስን የጣለ ተማሪ ካልኩለስን ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) ያደረጉት ኮርሶች ሁሉ ይዘጉበታል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች ስላሉ አንድ ዓመት ሊያስከፍለው ይችላል። ሌላ ኮርስ የማያስቆመው ነው መዘግየት ያለበት።

ከሁሉ በላይ ሰዓት የሚበላው ያደረ የላብ ሪፖርት ነው። ቲትሬሽን እንውሰድ፤ መጠኑ የታወቀ ቤዝ ከቢዩሬት፣ ማለትም መስመር ካለው ረጅም የመስታወት ቱቦ፣ ጠብ እያደረጉ የአሲድን መጠን ማወቂያ ነው። የቢዩሬቱ መነሻና መድረሻ ንባብ እዚያው ቆመው፣ በእስክሪብቶ፣ እስከ ሁለት አሥርዮሽ ቦታ መጻፍ አለበት፤ 24 ሳይሆን 24.30 ሚሊ ሊትር። ፌኖልፍታሊን የተባለው ጠቋሚ የሚሰጠው ፈዛዛ ሮዝ ቀለም 30 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ከቆየ በቂ ነው። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ቤዙ በዝቷል፣ የአሲዱም መጠን ከእውነተኛው በልጦ ይወጣል። ይህን ያላሰፈረ ተማሪ ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ለምን እንደተዛባ ሲያስብ ያመሻል፤ በመጨረሻም ከጓደኛው ይገለብጣል። ሰንጠረዡና ስሌቱ በዚያው ቀን፣ ከመተኛት በፊት ቢያልቁ የሚቀረው ማብራሪያው ብቻ ነው።

አንድ ነገር በተለይ እንናገር። በፔንዱለም የስበት ፍጥንጥነትን (የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን) ለክተው 9.77 ወይም 9.78 ሲያገኙ ደንግጠው የመጽሐፉን 9.81 ለማስመሰል ቁጥር የሚቀይሩ ልጆች አሉ። አይቀየር! አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ ከፍታዋም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ትክክለኛው የእኛ ቁጥር ያ ነው። ውኃም እዚህ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ውዝዋዜ ብቻ ለክቶ ማቆም። 20 ውዝዋዜ ቆጥሮ ጊዜውን ለ20 ማካፈል የእጅ መዘግየትን ያሳንሰዋል።

ወርክሺት (የመለማመጃ ጥያቄ ወረቀት) ከሆነ፣ የተሠራውን መልስ እያዩ መከተል ገብቶኛል ያሰኛል እንጂ ፈተና ላይ አይረዳም። ሌክቸሩ በተሰጠበት ማታ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ መልሱን ሳያዩ መሞከር፣ የቆሙበትን መስመር ማስመርና ያንን መስመር ይዞ አስተማሪ ዘንድ መሄድ ይጠቅማል። «ምዕራፍ ሦስት አልገባኝም» ከሚለን ተማሪ ይልቅ የቆመበትን መስመር የሚያሳየንን በአሥር ደቂቃ ልንረዳው እንችላለን። ታክሲ ውስጥ ጥያቄ መሥራት አይቻልም፤ ለቀመርና ለስያሜ ጥናት ግን ያ ጊዜ ይበቃል።

ለፋይናል ሰዓት ሲደለድሉም ክሬዲቱ ይታሰብ። የአራት ክሬዲት ኮርስን ከሲ ወደ ቢ ማሳደግ ለአማካይ ውጤት የሚጨምረው፣ የሁለት ክሬዲቱን ከሲ ወደ ኤ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው።

ትምህርት ክፍሎችንም እንለምናለን። የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ቀናት በመጀመሪያው ሳምንት ይለጠፉ። ሁለት ላብ በተከታታይ ቀናት አይዋል፤ የመጀመሪያው ሪፖርት ሳያልቅ ሁለተኛው ይደርሳል። የሩቅ ሠፈር ተማሪዎች ያሉበት የላብ ምድብም ከሰዓት በኋላ ከመሆን ይልቅ ጠዋት ይደረግላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን፣ ከቱሉ ዲምቱ